ጣቴ ላይ የቀረው ቡሶላ

ከኮምቦልቻ እስከ ወልዲያ ባለው አገር ጊታርን በቱቦ በማንሸራተት የሚስተካከለኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው በትሕትና ነው። በዚያ አገር በቱቦ የሚጫወት ሌላ ሰው እንዳልነበረ ግን የሚያውቁኝ ሁሉ ስለሚያውቁ፣ እነሱ ከሚናገሩት እኔው ብናገረው ይሻላል። ዛሬ ወጣቶቹ ስላይድ የሚሉት ነው፤ ጣት ላይ ተጠልቆ በክሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ብርጭቆ ወይም ብረት። እኛ በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ቱቦ ነበር የምንለው።

ሥራ የጀመርኩት በአውራጃው የኪነት ቡድን ነው። ወደ ልምምድ አዳራሹ የገባሁት ከአጎቴ ወፍጮ ቤት ወጥቼ ነበር። ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ዱቄቱ ከልብስ ይወጣል እንጂ ከሰው አይወጣም። እኔ እስከ ዛሬ ሳስነጥስ ለአንድ ቂጣ የሚበቃ ይወጣኛል።

የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ተሾመ ከደሴ የተላከ አዲስ ቦክስ ጊታር ይዞ የሚጫወትለት አጥቶ ነበር። እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ጊታር ነክቼ አላውቅም፤ ክራር ግን ስጎረጉር ነው ያደግኩት። ጊታር ማለት አንገት የበቀለለት ክራር ነው ብዬ በልቤ ደመደምኩና እንደምችል ነገርኩት።

ጊታሩን ያቀፍኩት በግልባጩ ነበር። የቡድኑ መሲንቆ መቺ ጋሽ እንድሪስ ተነሡ፤ ከእጄ ተቀበሉና አዙረው መለሱልኝ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ እንደገና ተቀበሉኝ፤ መቃኛዎቹን እየጠመዘዙ፣ ጆሯቸውን እያስጠጉ፣ ክሮቹን ሁሉ በአምባሰል ቅኝት አስተካክለው ሰጡኝ። ጓድ ተሾመ የመሰለው ሁለት ባለሙያዎች ሲመካከሩ ያየ ነው። በዚያው ተቀጠርኩ።

ዘምዘም የምትባል ድምፃዊት ነበረችን። አገሯ ወደ ግሸን መሄጃ ነው፤ አምባሰልን ስታወርደው ሰው ትንፋሹን ይዞ ነው የሚሰማት። እኔ ከሥሯ ጊታሩን ስነካካ መሀል ላይ አቆመችና ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተ ሙሄ፣ ይሄ ጊታርህ በደረጃ ነው እንዴ የሚወርደው? አምባሰል እኮ ደረጃ የለውም። ቁልቁለት ነው።»

ጋሽ እንድሪስ ልክ እንደሆነች መሰከሩ። የጊታር አንገት ላይ የብረት መስመሮች ተደርድረዋል፤ ድምፁ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይዘላል እንጂ በመካከል አያልፍም። መሲንቆ ላይ መስመር የለም፤ ጣት የፈለገበት ይንሸራተታል። ይህን ሁሉ ሲያስረዱ ጓድ ተሾመ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። ከደሴ ገምጋሚዎች ሊመጡ እንደሆነ፣ ሊሰሙ የሚፈልጉትም አምባሰልን እንደሆነ ነገረን። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «በዚያን ቀን ይሄ ዕቃ ከዘምዘም ጋር ካልተግባባ፣ ጊታሩ ወደ ደሴ፣ አንተ ወደ ወፍጮህ» አለኝ።

ወፍጮው ያለው ከአዳራሹ ማዶ ነበር። ልምምድ ላይ ሆኜ ሲጮኽ እሰማዋለሁ። እየጠራኝ ይመስለኝ ነበር።

መላውን የነገረኝ አንድ የአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሐይቅ ዓሣ ሊበላ ቆሞ ጊታሩን በእጄ ቢያይ፣ አሰብ ወደብ ላይ አንድ መርከበኛ የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ አጥልቆ ጊታር ሲያስለቅስ እንዳየ አወራልኝ። ክሩን አይጫነውም አለኝ፤ ያስነካዋል ብቻ። እኔ ዓሣውን ጥዬ ተነሣሁ። ሹፌሩ የኔንም በላው።

መጀመሪያ የሞከርኩት የቢራ ጠርሙስ አንገት ነው። አቆራረጡ እንዲህ ነው፤ ነጭ ጋዝ የተነከረ ክር አንገቱ ላይ ታስራለህ፣ ታቃጥለዋለህ፣ ትኩስ እንዳለ ሐይቁ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ቀጭ ይላል። ዳር ላይ የታንኳ ደንግል ከሚያጭዱት ሰዎች አጠገብ ቁጭ ብዬ ስሠራ የዋልኩት ለዚህ ነበር። ድምፁ ማር ነው። ጠርዙን ግን በድንጋይ በደንብ አልሞረድኩትም ነበርና ክሩንም እኔንም ቆረጠን።

ቀጥሎ የበግ ቅልጥም አደረቅሁና ውስጡን አጸዳሁ። ጋሽ እንድሪስ ሰምተው ሾርባ ሾርባ ይላል አሉ። ከዚያ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ አመጣሁ፤ እሱ ደግሞ ከክብደቱ የተነሣ ክሩን እስከ እንጨቱ ይደፈጥጠዋል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ገባኝ። ቱቦው ከበድ ማለት አለበት እንጂ ክሩን እስከ እንጨቱ መጫን የለበትም። ክሩም ከእንጨቱ ከፍ ማለት አለበት፤ ስለዚህ እርሳስ ሰንጥቄ ከአንገቱ ጫፍ ከክሮቹ ሥር ሰካሁ። የሚቀረውን ጣቴ ተማረው፤ ቱቦውን ከብረት መስመሩ በላይ ልክ አናቱ ላይ ማቆም፣ ከኋላው ባለው ጣት ክሩን ዳበስ አድርጎ ዝም ማሰኘት።

በመጨረሻ የተስማማኝ ከከተማው መካኒክ ከታምራት የተዋስኩት ረዥም ቡሶላ ነው፤ ብሎን የሚፈታበት፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት። ልስልስ፣ ከባድ፣ የሚያበራ። ዘምዘም ከሱ ጋር ዘፍና ስትጨርስ ዞር ብላ አየችኝና፣ «አሁን ወረደ» አለች። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ቁመቴ ረዝሞ አያውቅም፤ በበሩ ጎንበስ ብዬ ነው የወጣሁት።

ገምጋሚዎቹ የሚመጡበት ቀን ጠዋት ቡሶላውን አጥልቄ ስለማመድ አረፈድኩ። ቀኑ ሞቃት ነው፣ እኔም ፈርቻለሁ፤ ጣቴ አበጠ። ገምጋሚዎቹ ደረሱ። አንድ ዘፈን ሰምተው ወደ ወልዲያ ሊቀጥሉ እንደሆነ ተናገሩ። ላንድሮቨራቸው ግን ውኃ ሲያንጠባጥብ ነበር የመጣው፤ ታምራት እንዲያየው ተጠራ። ብዙም ሳይቆይ ከመድረኩ ጀርባ ከች አለ። የውኃ ፓምፑ የሚፈታው በዚያ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቡሶላዬን አምጣ አለኝ።

ሳብኩ። አይወጣም። ታምራት ሳበ፤ እኔ ተከትዬው መጣሁ፣ ቡሶላው ግን አልወጣም። በሳሙና ሞከርን። ዓሣ ከሚያጸዱት ሴቶች የዓሣ ስብ መጥቶ ተቀባሁ፤ አሁን ድመት ይከተለኝ ጀመር እንጂ የተለወጠ ነገር የለም። ጓድ ተሾመ ይህን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። የመንግሥት መኪና በኔ ጣት ምክንያት ቆሞ ከዋለ አሻጥር ነው የሚባለው ብሎ በጆሮዬ ነገረኝ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ወፍጮ ቤቱ እንኳ ያኔ ናፈቀኝ።

መፍትሔ ያመጣችው ዘምዘም ናት። «ተዉት እስቲ ይጫወት» አለች። «ሲፈራ ነው ያበጠው። ሲጫወት ይረሳዋል፣ ያኔ ይለቀዋል።»

ወጣን። የመጀመሪያውን ዘፈን ስንጨርስ የገምጋሚዎቹ አለቃ፣ ፊቱ የማይፈታ ቀጭን ሰው፣ ሰዓቱን አይቶ ተነሣ። ታምራት ከበሩ ሆኖ መኪናው ገና ነው አለው። ተቀመጠ። ሁለተኛ ተጫወትን፤ ተነሣ፤ ገና ነው ተባለ፤ ተቀመጠ። እንዲህ እያልን ያለንን ዘፈን ሁሉ ጨረስንለት። ከዚያ ዘምዘም አምባሰልን ጀመረች።

ከላይ ይዛው ወረደች፤ እኔም ተከተልኳት። የትኛው የሷ ጉሮሮ፣ የትኛው የኔ ክር እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። አለቃው ሰዓቱን ማየት ተወ። ጣቴንም፣ ወፍጮውንም፣ አሻጥሩንም ረሳሁ። ታችኛው ድምፅ ላይ ስንደርስ ላቡና የዓሣው ስብ ተባብረው ቡሶላው ሾልኮ ወጣ፤ ቅጭል ቅጭል እያለ ተንከባሎ አለቃው እግር ሥር ቆመ።

ሰውዬው አነሣው። አሸተተው። ምን እንደሚባል ጠየቀኝ። ወደ ታምራት ዞርኩ። ታምራት መጥቶ፣ «ቡሶላ ነው ጓድ። የመኪናዎ ነገር እሱን ነበር የሚጠብቀው» አለና ሁሉንም ዘርግፎ ነገረው።

ጓድ ተሾመ ዓይኑን ጨፈነ። አለቃው ዘምዘምን አየ፣ ጊታሩን አየ፣ ያበጠ ጣቴን አየ። «ጊታሩ እዚሁ ይቆይ» አለ። «ልጁም ይቆይ። ይሄ ግን ለመካኒኩ ይመለስ፤ ወልዲያ እንግባበት።»

ከዚያ ወዲያ የተጫወትኩት በትንሽ የሳል መድኃኒት ጠርሙስ ነው፤ ክሊኒክ የሚሰጧት ዓይነት። ወፍራም ናት፣ ጠርዟ ለስላሳ ነው፣ ጣት ስትገባባት ትንሽ ሰፋ ትላለች፤ ያን ክፍተት በጨርቅ ትሞላዋለህ። ከሁሉ የምትበልጥ እሷ ናት። ስላይድ የምትመርጡ ልጆች፣ ድምፁን ከመስማታችሁ በፊት ከጣታችሁ መውጣቱን እዩ። እኔ ከሥራው የተማርኩት ይህንን ነው።

የቀረ ነገር ቢኖር፣ ጊታር መቃኘት አልችልም። ያኔም አልችልም ነበር። ቡድኑ እስኪፈርስ ድረስ የቃኙልኝ ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ እሳቸው የታመሙ ዕለት የጊታሩ ክር ተበጥሷል እየተባለ ነበር የሚነገረው። ዛሬ የምትቃኝልኝ ባለቤቴ ዘምዘም ናት። እሷ ገበያ ከሄደች ጊታሩ ግድግዳው ላይ ይውላል።