ጓዳ ውስጥ የበራው ግንዴ

ትናንት ማታ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ሳቁብኝ... እኔ እንደሆን እፍረቱ እስካሁን አለቀቀኝም።

ጎረቤቴ ጫልቱ ወለደች። ሁለት ልጅ ቀብራ ያገኘችው ወንድ ልጅ ነው። እዚህ ነቀምት፣ በኛ ሰፈር፣ ሴት ስትወልድ ጎረቤቱ ሁሉ እንጨት ተሸክሞ ነው የሚገባው። በተለይ እንዲህ ሐምሌ ሲሆን የአራስ ቤት እሳት መጥፋት የለበትም።

እኔ ታዲያ ደረቅ ወይራ ቤቴ ሞልቶ... «ክረምቱ ገና ነው» ብዬ ሰሰትኩ። ባሌ እንኳ፣ የአውራጃ ግዛቱ ጸሐፊ፣ «ኧረ ነውር ነው!» ብሎኝ ነበር። መቼ ሰምቼው! ጓሮ ዝናብ ሲመታው የከረመ ቁራጭ ግንድ ተሸክሜ ሄድኩና እነ ጫልቱ ጓዳ ከእንጨቱ ክምር ጀርባ ወሸቅሁት። ማን ያያል ብዬ ነው።

ገንፎ እየበላን ሳለ፣ እንጨት ልታመጣ ጓዳ የገባችው የጫልቱ እህት ጮኸች። ተንጋግተን ገባን። በጨለማው ውስጥ አንድ ግንድ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል! ኩራዝ ሲያስገቡ ይጠፋል፣ ሲያስወጡ ይበራል። ጠጋ ብዬ ሳይ... የኔው ጉድ ነው!

የጫልቱ ባል ገመቹ በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ዋቀዮ! አምላኬ! ልጄ ብርሃን ይዞ መጣ! ስሙ ኢፋ ይባል፣ ብርሃን!»

ጫልቱ ከአልጋዋ ሆና ታለቅሳለች። «የማን እንጨት ነው? ኧረ እጇን ልሳም!»

«የሷ ነው፣ ስታስገባ አይቻታለሁ» ብላ እህትየው ወደ እኔ ጠቆመች። ሴቶቹ ተረባርበው ሳሙኝ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! «ኧረ በስብሶ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ... የጫልቱን ዓይን ሳይ አቃተኝ።

ልወጣ ስል የገመቹ እናት፣ ሁላችንም አኮ፣ አያቴ፣ የምንላቸው ባልቴት፣ በር ላይ እጄን ያዝ አደረጉኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«ኢንተላ ኮ... ልጄ፣ እንጨት ሲበሰብስ እንዲህ እንደሚያበራ እኔም አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ስሙ ያምራል፣ ይቆይ። አንቺ ግን ነገ ደረቁን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ዛሬ በማለዳ ወገቤ እስኪቆረጥ ወይራውን አመላለስኩ። አኮ ፈገግ ብለው ተቀበሉኝ። ከውስጥ ጫልቱ «ኢፋ! ኢፋ ኮ! የኔ ብርሃን!» እያለች ታባብላለች።

እንግዲህ ልጁን በጠሩት ቁጥር፣ በሆዴ «አቤት» የምለው እኔ ነኝ።