ለቦራው ሁለት ነጥብ

«የጠየቅንህ ሁለት ነጥብ ነው፤ ኩላሊትህን አይደለም!» አሉኝ ጥምጥም ያደረጉት ሽማግሌ፣ በከዘራቸው ወለሉን እየደቁ።

«አባቴ፣ ነጥብ አይለመንም» አልኩ።

«ለምን አይለመንም? እግዜር እንኳ ይለመናል» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስ።

ወላጅ አባቴ አቀርቅሮ ምንጣፉን ያያል። ከመጋረጃው ጀርባ ካለችው እህቴ ኮሽታ አይሰማም። እህቴ ድምፅ ካላሰማች ደግሞ እያንዳንዷን ቃል እየለቀመች ነው ማለት ነው።

ሽማግሌዎቹን የላከብን አማቻችን ሊሆን ያለው ሰው ነው፤ የእህቴ እጮኛ አባት። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ አለው፤ ቦራው እንለዋለን። በጥር ልጁ በዚያ ፈረስ መጥቶ እህቴን ሊወስዳት ቀን ተቆርጧል። እኔ ደግሞ በቴሌግራም ገጼ ላይ ለቦራው ስድሳ አንድ ነጥብ ሰጥቻለሁ። በዚያው ገጽ፣ ከቦራው በላይ፣ ቀን ቀን ብሎኬትና አሸዋ የሚጎትት የጋሪ ፈረስ ስድሳ ሁለት ይዞ ተቀምጧል። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ልጄ ከጋሪ ፈረስ ባነሰ ፈረስ ሙሽራ አይወስድም። ወይ ነጥቡ ይስተካከል፣ ወይ ሠርጉ ይቆይ።» ይቆይ የተባለ ሠርግ በኛ አገር ምን እንደሚሆን ማንም አይጠፋውም።

ነገሩ የተጀመረው ቆቦ ውስጥ ካለ አንድ ውርርድ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ቀኑን ሙሉ ፈረስ ይሮጣል። እኔም ሞኙ ቁጭ ብዬ የትኛው ስንቴ እንዳሸነፈ፣ የትኛው መጨረሻ ላይ እንደሚደክም መመዝገብ ያዝኩ። ሣር ለማይበላ፣ ለማያልበው፣ ማሽን ለሚያስሮጠው ፈረስ ነጥብ ስሰጥ ከረምኩ። የገባኝ ቀን በራሴ ተናድጄ ወጣሁ። ግን ስሌቱ ከጭንቅላቴ አልወጣም። እውነተኛ ፈረስ እያለ ስክሪን ላይ ምን አስፈጠጠኝ?

እውነተኛው ፈረስ ያለው ሠርግ ላይ ነው። አጃቢዎቹ ከወንዙ አሸዋ ሲወጡ ይለቁታል፤ እስከ ሙሽራው ደጅ ድረስ ይጋልባሉ። የኛ ሰፈር ልጆች ማን ቀድሞ እንደሚገባ ይወራረዳሉ፤ የተሸነፈ ጥብስ ያበላል። እኔ ጎብዬም ዋጃም ሠርግ ባለበት ሁሉ በሚኒባስ እየሄድኩ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ፈረሶቹ ሲገቡ በመካከላቸው ስንት ፈረስ የሚያህል ክፍተት እንዳለ አየሁ። ከባድ ሰው ለተሸከመ ጨመርኩ፤ መንገዱ ደርቆ ለቀለለለት ቀነስኩ። ከመቶ ስንት እንደሚገባው አውጥቼ ለጠፍኩት። ደጋግሞ ልክ ሆነ። ልጆቹ እኔን ሳይጠይቁ መወራረድ አቆሙ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። አንዱ «የአጎቴ ፈረስ ነው፣ እባክህ እየው» ይለኛል። ሌላው «ጋላቢው እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው፣ አምስት ነጥብ ብትጨምርለት ምን አለበት» ብሎ ይጽፋል። ባጃጅ ውስጥ አንዲት የማላውቃቸው እናት «ልጄን ሰላሳ ዘጠኝ ያልከው አንተ ነህ?» ብለው ተቆጡኝ። ልጃቸውን አይደለም፣ ፈረሱን ነው ብል ማን ይስማኝ! ለዓመታት ግጥም ስለጥፍ ዞር ብሎ ያየ የለም። ቁጥር ብለጥፍ ሽማግሌ ተላከብኝ።

«ስማኝ ልጄ» አሉ ባለጥምጥሙ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ቆቦ ገበያ ጤፍ ስትሸምት፣ ተሰፍሮ ካበቃ በኋላ ምርቃት አይጨመርልህም?»

«ይጨመርልኛል።»

«ሰፋሪው ውሸታም ነው?»

«አይደለም፤ ግን…»

«ግን የለም! አንተም ሰፍረሃል፤ አብሽር፣ ስፍርህን አልነካንም። አሁን ምርቃቱን ጣል አድርግ። ወላሂ አንተን ጠልቼ አይደለም። የኔን ዳማ ፈረስ ስድሳ አንድ ሰጥተኸው ኮርቻለሁ። ባለፈው ሠርግ ከሙሽራው ቦራ እኩል ነው የገባሁት፤ በዚህ እድሜዬ! ውሸት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩ። እኩል ነበር የገቡት።

እኒህን ሰው ማስቀየም ለማንም አይበጅም። እህቴን ከአባቴ የጠየቁ፣ ሁለቱን ቤት ያስማሙ እሳቸው ናቸው። እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ እሳቸው ያልሸኙት ሙሽራ በዚህ አካባቢ ሙሉ ሙሽራ አይባልም።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰና የእህቴ ጣት ጠራችኝ። ገባሁ።

«ዐይን የለህም?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ያን ቀን እጮኛዬ ልጓሙን አንቆ ይዞት ነው እኮ! ሽማግሌውን ጥሎ ሄዶ አቧራ ሊያለብሳቸው ነው? ቦራው አንገቱን እየጠመዘዘ አረፋ ሲደፍቅ አላየህም?»

አላየሁም። የስልኬን ሰዓት ነበር የማየው።

«የጋሪው ልጅ ማንንም አያፍርም፤ ለቀቀው፣ ቀደመ። አንተ ቁጭ ብለህ የሰው ይሉኝታ ስትለካ ከርመሃል። በል ውጣና ሁለቷን ጨምር። ምክንያቱን ግን እንዳትተነፍስ። ሰማህ? ጨምርና አፍህን ዝጋ።»

ደሜ ፈላ። አሁን ይሄ በምን ይሰላል? ማን የማንን አጎት አክብሮ እንደያዘ፣ ማን ለአበልጁ እንደለቀቀ፣ ማን አማቱን ፈርቶ ወደኋላ እንደቀረ በየትኛው ሚዛን ይገባል? አገሩ በሙሉ ልጓም ስቦ እየሮጠ ኖሯል! ግን ቦራው ሁለት ነጥብ ይገባዋል። ሦስትም ይገባው ይሆናል። ወጥቼ በፊታቸው ስልኬን ከፈትኩና ስድሳ ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

«እሰይ! ዕድሜ ይስጥህ!» አሉ ቄሱ። አባቴ ሽማግሌዎቹ ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

ባለጥምጥሙ ሳቁ። «አየህ? ይሄ የናንተ ሒሳብ እንደ ሽንኩርት ዋጋ ነው። ትንሽ ሲከራከሩት ይላላል። ምርቃቷን ከመጀመሪያው ብትሰጠን ምናለ?»

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ፀሐይ እየጠበሰኝ ከወንዝ ወንዝ የዞርኩበት ሥራ እንደ ሽንኩርት ዋጋ ሲባል አልቻልኩም።

«ምርቃት አይደለም» አልኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ታዲያ ምንድነው?»

«ሒሳብ ነው። ፈረሱ ተይዞ ስለነበረ ነው።»

«ማን ያዘው?»

እህቴ እንደገና፣ ጠንከር አድርጋ ጠረገች።

«ጋላቢው። ልጓሙን ስቦት ነበር። እርስዎን… ማለቴ፣ አቧራ እንዳያለብስዎ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አገላብጠው አዩት፤ አዲስ የተሰጣቸው ይመስል።

«ይዞልኝ ነው?»

«አክብሮ ነው፣ አባቴ።»

«ለልጅ ልጆቼ ምን ብዬ እንዳወራሁ ታውቃለህ? ዳማዬ ከወጣት ፈረስ አላነሰም፣ እኔም ከወጣት አላነስኩም ብዬ! ይኸው ወሩን ሙሉ ሳወራ ከረምኩ።» ተነሡ። «የኔን ቀንስ።»

«እርስዎ ይሄን እንዴት…»

«ቀንስ አልኩህ! የተለቀቀልኝን ነጥብ አልፈልግም።» ጫማቸውን በከዘራቸው ጫፍ ሳቡት። «ለሙሽራውም ንገሩት፤ እንደ ሬሳ አጅቦኝ እንደነበር ሰምቻለሁ በሉት። የሚሸኘውን ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ።»

«ኧረ በፈጠረዎ!» አባቴ እጁን ዘርግቶ ተነሣ። ቄሱ ነጠላቸውን ለመሰብሰብ ሲጣደፉ መቀመጫው ሥር ተያዘባቸው።

እህቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እኔን አላየችኝም። «አባቴ!» አለች ሽማግሌውን፣ እንደ ልጅ በቀጠነ ድምፅ።

አልዞሩም። ጎንበስ ብለው ደፉን አለፉ፣ የቆርቆሮውንም በር ከኋላቸው ዘጉት።