የታክሲ ሰልፍ በወንጪ አፋፍ

ትሩፋትን የሀና ማርያም ሰው በመልኳ ሳይሆን በድምጿ ነው የሚያውቃት። የታክሲ ተራ አስከባሪ ናት። ሚኒባስ ብቅ ሲል ሰልፉ ሊፈርስ ይላል፤ ያኔ «ሁሉም ባለበት!» ብላ ስትጮህ ነጋዴውም ተማሪውም እንደ ተተከለ ችካል ቀጥ ይላል። እሑድ ደግሞ የሰፈር ወጣቶች ያቋቋሙት የተራራ ጉዞ ቡድን ጭራ ናት። ጭራ ማለት ከሁሉ ኋላ የሚሄድ ሰው ነው። ሕጉም አንድ ነው፦ ከጭራው ኋላ ማንም አይቀርም።

በዚያ እሑድ ወደ ወንጪ ሲወጡ ጋሽ ራጉኤልም አብረው ነበሩ። ጡረተኛ ናቸው። በታክሲው ሰልፍ ላይ «ሽማግሌ ነኝ እኮ» እያሉ ሾልከው ለመግባት የሚሞክሩ፣ የትሩፋት የዘወትር ባላጋራ።

«እዚህም ተራ ልታስከብሪ ነው?» አሏት፣ ዳገቱ ላይ እያለከለኩ።

«እርስዎ እንዳይቀድሙ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ማንን ልቅደም? ያቺን ፍየል?»

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ግን ምድር ከእግራቸው ሥር ተከፈተች። ከታች፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ፣ ሐይቁ ተኝቷል፤ የሚተነፍስ ይመስላል። ከፊት የምትመራቸው የወንጪዋ ልጅ ሌንሳ «ይሄ ሁሉ እሳት ነበር» አለች። እሳት እንዲህ አድርጎ ውሃ ይሆናል ብሎ ማን ያምናል?

ጋሽ ራጉኤል ከዘራቸውን ተደግፈው ቁልቁል አዩ። «እናቴ ትለኝ ነበር፤ ገደልና ውሃ ባለበት ስምህ ቢጠራ፣ ፊቱን ሳታይ አቤት እንዳትል። ድምፁን ሽሸው።»

«ጋኔኑ ስምዎን ከማን ይሰማል?» አለች አንዷ ልጅ።

«ከቀበሌ ነዋ!»

ተሳሳቁ። መመለሻው መንገድ አፋፉን ታክኮ የሚሄድ ቀጭን መንገድ ነው። መሐል ላይ ሽማግሌው ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አንዴ ዞር በይልኝ» አሉ። ሽንታቸው መጥቷል። ትሩፋት ሕጉን አልረሳችም፤ ግን አባቷ በሚሆኑ ሰው ላይ ማፍጠጥ ነውር ሆነባት። ኩርባውን አልፋ ጀርባዋን ሰጠች።

ጉሙ የመጣው ያኔ ነው። ከሐይቁ ተነሥቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ መንገዱን፣ ዛፉን፣ የገዛ እጇን ዋጠባት።

«ጋሽ ራጉኤል!»

የራሷ ድምፅ ብቻ ከገደሉ ሥር ዞሮ መጣ። ፊሽካዋን ነፋች፤ የቀሩት ባሉበት ቆሙ፤ ሌንሳ መሬቱን በዱላዋ እየነካካች ደረሰች። «እንዳትሮጪ» አለች በሹክሹክታ፣ «በግራ በኩል መሬት የለም።»

«ጋሽ ራጉኤል!»

ድንጋይ ተንከባለለ። ወረደ፣ ወረደ፤ ሲያርፍ አልተሰማም።

«እኔ ነኝ! ትሩፋት ነኝ!»

ሌላ ድንጋይ፣ አሁን ራቅ ብሎ። በጠራቻቸው ቁጥር ድንጋይ ይወርዳል። እየሰሟት ነው፤ ግን እየሸሿት ነው! የሰው ድምፅ መዋስማ ጋኔን መች ያቅተዋል? በስማቸው ወደ ገደሉ እየገፋቻቸው ነበር።

ሌንሳ ልትጣራ አፏን ስትከፍት ትሩፋት በመዳፏ ከደነችው። ከዚያ ያንን የሰኞ ጠዋት ድምጿን አወጣችው፦

«ሁሉም ባለበት! ተራ ያለፈ አይሳፈርም! ባለ ከዘራው፣ እርስዎን ነው! ተራዎን ለሌላ ሰጥቻለሁ!»

ድንጋይ መውረዱ ቆመ።

«ለማን?» የሚል የቁጣ ድምፅ ፈነዳ። «ለማን ነው የሰጠሽው? እኔ አይደለሁ እንዴ ቀድሜ የቆምኩት!»

«እግርዎን እንዳያነሡ! ካነሡ ተራው ተቃጠለ!»

«ቆሜያለሁ! ሰው አይደለሽም አንቺ! ሽማግሌ አታከብሪ!»

«ይበሉ፣ ይስደቡኝ! እንዳያቋርጡ!»

እሳቸው እየተሳደቡ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው በጉልበታቸው እየዳኹ ስድቡን ተከተሉት። የትሩፋት ጣቶች በመጨረሻ ጨርቅ ነኩ። የኮት ጫፍ ነው። ጨበጠችው።

ጉሙ እንደ አመጣጡ ድምፅ ሳያሰማ ተገለጠ። ከዘራው ሣሩ ላይ ወድቋል፤ ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሐይቁ ብቻ ነው፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ፀጥ ብሎ።

ጋሽ ራጉኤል ከዘራቸውን አዩና ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ስሜን ስትጠሪ ሰምቼሽ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ኋላ ግን፣ ጋኔን የሀና ማርያምን ተራ ከየት ያውቀዋል ብዬ...»

ትሩፋት አስነሣቻቸው። «ይቅደሙ» አለች።

«ዛሬ ገና አስቀደምሽኝ!»

ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ፣ መኪናው በር ድረስ፣ እጇ ከኮታቸው ጫፍ አልተላቀቀም።