አንገቴ ላይ የተሠራው የአስቴር ጌጥ

ልጅ እያለሁ አንገቴ የእኔ አልነበረም፤ የአክስቴ መሥሪያ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔንና ታላቅ እህቴን አስቴርን ጂንካ ያሳደገችን አክስቴ ዶቃ ሠሪ ነበረች። ሰፊውን የአንገት ጌጥ ስትሠራ ከጆንያ የመዘዘችውን ክር ሰም ትቀባና አንገት ላይ ታስራለች፤ ከዚያ ከኋላ ተቀምጣ ረድፍ በረድፍ ትሰካለች። የልጆቹ ጌጥ በእኔ አንገት፣ የትልልቆቹ በአስቴር አንገት ይሠራ ነበር። ጌጡ እስኪያልቅ መዞር የለ፣ መሳቅ የለ፣ ማስነጠስ እንኳ በፈቃድ ነው። የዚያ ሰም ሽታ ዛሬም ያንቀኛል።

ውጭ እኩዮቼ ሱዚ ይዘላሉ፣ እኔ የግድግዳ ስንጥቅ አያለሁ። አክስቴ ለገበያ ካኮና አርቦሬ ስትመላለስ ያየችውን ሁሉ ዶቃ ታደርገዋለች፤ ቀዩ የቆላው አፈር፣ ነጩ የጨው ባሕር ዳርቻ፣ ዝንጉርጉሩ የጅግራ ላባ ነው ትለኛለች። አገሩን ሁሉ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ከበርጩማዬ አልነሳም ነበር። ያናድደኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ!

አስቴር አግብታ፣ ባሏ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ይዛኝ እንድትሄድ ስለምናት ሰነበትኩ። እሷም አውሮፕላን ሜዳው ድረስ ሸኚኝ፣ እዚያ ባሌን እለምነዋለሁ፣ ሲያይሽ እምቢ አይልም አለችኝ። ያን ጊዜ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሃል፣ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ላይ ነው። የመሄጃዋ ዕለት ግን አክስቴ ለአስቴር የስንብት ጌጥ ልሥራ ብላ ተነሳች። አስቴር ዕቃ እየሸከፈች ስለሆነ አክስቴ ክሩን እኔ አንገት ላይ አሰረችው።

ከብቶቹን ከሜዳው ሲያባርሩ ጩኸቱ ተሰማ፤ አውሮፕላኑ ደረሰ ማለት ነው። አስቴር በሩ ላይ ቆመች።

«አክስቴ፣ በቃ ቁረጪውና ትሸኘኝ» አለች።

አክስቴ ቀና አላለችም። ያላለቀ ጌጥ መቁረጥ የመንገደኛን መንገድ መቁረጥ ነው አለች። «ትንሽ ነው የቀረው።»

ጣቶቿ ግን እንደዚያ ቀን ተንቀራፍፈው አያውቁም። የአስቴር ባል ከውጭ ደጋግሞ ተጣራ። አስቴር ከኋላዬ ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ዞሬ ፊቷን ማየት እንኳ አልቻልኩም። በኋላ በጣራችን ላይ የአውሮፕላኑ ድምፅ አለፈ። እዬዬ ብዬ አለቀስኩ፤ አክስቴን ጠላኋት። ጌጡ ሲያልቅ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፣ እዚያው ኖረ።

ዛሬ በዚያ ሜዳ አውሮፕላን አያርፍም፤ አክስቴም የለችም። እኔ በእሷ በርጩማ ተቀምጬ ዶቃ እሰካለሁ። ባለፈው ክረምት አስቴር ፀጉሯ ሸብቶ ልትጠይቀኝ መጣች። ጌጡን ከግድግዳው አውርጄ ላስርላት ብል ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። የልጅ አንገት ልክ ነዋ! ዕድሜዋን ሙሉ ዶቃ የሰካች አክስቴ ይህ ይጠፋታል? ጌጡ ለአስቴር አልነበረም፤ እኔን ማሰሪያ ነበር። ልመናዬን ሰምታ ኖሮ፣ ሁለታችንንም በአንድ ቀን ማጣት አቅቷት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ጠልቻት ኖሬ፣ ጌጡ አልገናኝ ባለ ቀን አንጀቴን በላችው።

አስቴር በምትመለስበት ጠዋት አዲስ ጌጥ አንገቷ ላይ ጀመርኩላት። እንዳትነቃነቅ ነገርኳትና ከኋላዋ ተቀምጬ ረድፍ በረድፍ፣ ቀስ እያልኩ እሰካ ጀመር። ውጭ የምትሄድበት መኪና ጥሩንባውን ነፋ።

«ትንሽ ነው የቀረው» አልኳት።