ፊደሉ የተንጋደደ ወርቅ

ባለፈው ቅዳሜ ሊልበርን ከተማ አንድ ወርቅ ቤት ገብተን ልጄ ሐብል እያገላበጠች፣ «እማዬ፣ ይሄ ፌክ ነው» አለች። የሻጩ ፊት ሲለዋወጥ ሳይ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ያደረግሁት ትዝ አለኝ።

ያኔ ዲኬተር ከተማ ውስጥ፣ ሚስተር ሃል በሚባሉ ሽማግሌ የጥንት ሳንቲም መሸጫ እሠራ ነበር። ሰው ሊያስመረምር ያመጣውን መዝኜ፣ በእርሳስ ስዬ፣ ከአድራሻው ጋር ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ፍርዱ የእሳቸው ነው።

ዐቢይ ጾም ነበር፤ የዛፉ አበባ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብስበት ሰሞን። ሚስተር ሃል ሐኪም ዘንድ ሄደው ብቻዬን ኦቾሎኒ ቅቤ የቀባሁበትን ዳቦ ስበላ፣ አንዲት አሮጊት ገቡና ከመሀረብ ጥፍር የምታህል የወርቅ ሳንቲም ፈትተው ሰጡኝ።

«ባሌ ዋልተር ስንጋባ የሰጠኝ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። የሮማ ወርቅ ነው ብሎኝ ነበር። እውነት ነው?»

እንደ ልማዴ መዝኜና አድራሻቸውን ጽፌ፣ በአጉሊ መነጽር እያየሁ ሳልሁት። በፊቱ ከተጻፈው የንጉሥ ስም አንዳንዱ ፊደል ተገልብጧል፣ አንዳንዱም ጎድሏል። በጀርባው ያለችው ባለክንፍ ሴት አንበጣ ነው የምትመስለው። አሠሪዬ እስኪመጡ ይጠብቁ ማለት ነበረብኝ። ግን በጾም ተጠይቆ ማድበስበስ መዋሸት መሰለኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ። ፎርጅድ ነው።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ» አሉና መሀረባቸውን አጣጥፈው ወጡ።

ሚስተር ሃል ከሰዓት ሲመለሱ ሥዕሌን አይተው፣ ለሴትዮዋ ያልሁትንም ሰምተው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «ማነው ዳኛ ያደረገሽ? ነይ፣ መኪና ግቢ።»

የሴትዮዋ ሰፈር አቮንዴል እስቴትስ እስክንደርስ ሲያስረዱኝ ሄዱ። ሮም ስትዳከም ምዕራባዊ ግዛቷን የያዙት ቪሲጎቶች የተባሉ ሕዝቦች የወርቅ ሳንቲማቸውን በሮማው ንጉሥ ስምና መልክ ይመቱት ነበር፤ ሕዝቡ የሚያምነው ያንን ነውና። ሳንቲሙን የሚቀርጸው ሰው ማንበብ ባይችልም ቅርጹን እያየ ይገለብጣል።

«ፊደሉ ተንጋደደ እንጂ ወርቁ ወርቅ ነው። አንቺስ እንግሊዝኛ ስትጽፊ ፊደል ትገድፊ የለ? ፎርጅድ ነሽ?»

አሮጊቷ በር ላይ ሚስተር ሃል ወርቁን ተቀብለው አገላበጡና አረጋገጡ። «ባልዎ የሮማ መስሎት ነው። አላታለለዎትም» አሏቸው።

ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ ፎቶውን ወደ ግድግዳው አዙሬው ነበር» አሉ። ከዚያ ሊመልሱት ተነሥተው ገቡ፤ በሩን እንኳ አልዘጉም።

እኔ የዋሸሁ አይመስለኝም፤ ያላወቅሁትን ግን መስክሬያለሁ። ዛሬም ቅዳሴ ላይ ሙታን ሲታሰቡ፣ ከአባቴ ስም ቀጥዬ ያንን ፈጽሞ አይቼው የማላውቀውን ሰው በልቤ እጠራለሁ። የክርስትና ስሙን ስለማላውቅ እንዲሁ ዋልተር እላለሁ። ለግማሽ ቀን ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።