እልፍ ከአንድ

ባለፈው ሳምንት የአባቴን ደብተር ከቆዳ ማኅደሩ ሳወጣው የለፋ ቆዳና የጥቀርሻ ቀለም ሽታ ፊቴን መታኝ። አባቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ እኔም ደብረ ታቦር ላይ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ጠጉሬ ሸብቷል፤ ግን እንደ ሰባተኛ ክፍል ልጅ ፈራሁ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። የመንደራችን የጋፋት ሰው ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚሰማው ከእሳቸው አፍ ነው። ከሐረር የመጡት የሒሳብ መምህራችን አሥር ሺህ አንድ ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል የማይካፈል መሆን አለመሆኑን ሠርተን እንድንመጣ ሲያዝዙን፣ ሮጬ ወደ አባቴ ሄድኩ። «እልፍ ከአንድ በይው» አሉና በባሕረ ሐሳብ የበዓላትን ቀን ሲያወጡ እንደለመዱት ለአራት፣ ለሰባትና ለዐሥራ ዘጠኝ አካፈሉት። ለአራት አንድ ተረፈ፣ ለሰባት አምስት፣ ለዐሥራ ዘጠኝ ሰባት። የዓለምን ዘመን የሚያካፍሉት ሦስቱ ካቃታቸው ሌላ ማን ይችለዋል! «ብቻውን የቆመ ነው፤ ጻፊው» አሉኝ፤ ጻፍኩት።

በማግስቱ መምህሩ ሰባ ሦስትን በመቶ ሠላሳ ሰባት አባዝተው እልፍ ከአንድን ሰሌዳው ላይ ቁጭ አደረጉት። ጥፋቴ «አባቴ ናቸው ያሉኝ» ማለቴ ነው። ከኋላዬ አንዷ «ያባትሽ ፋሲካስ እንዲህ ነው የሚወጣው?» ስትል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን ጋፋት እስክደርስ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ አገሩ በአባቴ ቁጥር ጾሞ በአባቴ ቁጥር የሚፈስክ ነው፤ ይህ ወሬ ቢደርሰው ማን ያምናቸዋል?

«መምህርሽ ምን አሉ?» ሲሉኝ፣ «ልክ ነው አሉ አባባ» አልኳቸው።

አባቴ ደስታቸውን መደበቅ አያውቁም። በየሰንበቴው እልፍ ከአንድን ያወሩ ጀመር፤ እኔም በየሰንበቴው ዳቦዬን ይዤ እወጣ ጀመር። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ከበደ። በጥር ሥላሴ ንግሥ መምህሩና አባቴ ከዛፍ ሥር ቆመው ሲጫወቱ አየሁ። መምህሩ ሳቁ፣ አባቴ አንገታቸውን ነቀነቁ። ማታ ቤት ሲገቡ ግን እንደ ወትሮው መረቁኝ። ከዚያ ወዲያ ያን ቁጥር ሲያነሱት አልሰማሁም፤ እኔም መምህሩ ዝም ብለውልኝ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። በመጨረሻው ሕመማቸው እንኳ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ደብተሩን እስከ መጨረሻው ገለጥኩት። «ጥር ፰» ይላል፤ የሥላሴ ማግስት መሆኑ ነው። ከሥሩ አባቴ እልፍ ከአንድን ከሁለት ጀምረው አንድ በአንድ፣ አንድም ቁጥር ሳይዘሉ፣ እያካፈሉ የተረፈውን ጽፈዋል። ገጹ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል። ፸፫ ላይ ሲደርሱ «ተረፈ፦ አልቦ» ብለው አቆሙ፤ አልቦ ማለት ምንም ማለት ነው።

ያን ሁሉ ዓመት ያውቁ ነበር። መሳሳታቸውንም፣ መዋሸቴንም። አንድ ቀን ደፍሬ «ተሳስተዋል እኮ አባባ» ብላቸው ኖሮ ከት ብለው ይስቁ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሳቃቸው እንዴት እንደነበረ እንኳ በደንብ አላስታውሰውም።