ያልተገባኝ ወተት

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ግን ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር ልቤ ስለፈለገ፣ ሰው ፊት ስቆም ደግሞ ድምፄ ስለሚጠፋ በወረቀት አደረግሁት። የምታነብልኝን እህት ጌታ ይባርካት። ስታነብ እኔ ከኋላ ነኝ፤ እባካችሁ ዞራችሁ አትዩኝ።

ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ቦንጋ ነው። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል። የተጠመቅሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አልሰረቅሁም፣ ከማንም አልተጣላሁም፤ ስለዚህ ጌታ በእኔ ደስ የሚለው ይመስለኝ ነበር። ጸጋ ሲባል ስሰማ፣ ሌሎች፣ ኃጢአተኞቹ፣ የሚያስፈልጋቸው ነገር ነው እል ነበር።

ከሰፈራችን በታች ዓለሚቱ የምትባል ከሰል ሻጭ ነበረች። ማንጆ ናት፤ በዘራቸው ከሚናቁት ወገን። የእኛን አገር ልማድ ታውቁታላችሁ፤ ለማንጆ በሳህን አናቀርብም፤ ምግቡን በኮባ ቅጠል አድርገን ከደጅ ነው የምንሰጠው፤ ቤትም አናስገባም። እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ግን "እትዬ" ነበር የምትለኝ። በኋላ ጌታን ተቀብላ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን መጣች። የመጀመሪያው እሑድ አጠገቤ ተቀመጠችና "እህቴ፣ እንደምን አደርሽ?" አለችኝ። "ሞቀኝ" ብዬ ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ውጭ ዝናብ ነበር።

የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከደጅ ጠራችኝ። የአራት ወር ወንድ ልጇን አቅፋለች። ልጁ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

"እህቴ፣ ባለቤትሽ አለ? ሆስፒታል ያድርሰን።"

ባለቤቴ ጓዳ ጋደም ብሎ ነበር። እኔ ግን 'ማንጆ ስትሳፈር ሰው ካየ፣ ነገ ማን ይሳፈርልናል?' ብዬ አሰብኩ።

"ቢታ ገነት ሄዷል" አልኳት።

"እሺ፣ ጌታ ይስጥሽ" ብላ በእግሯ ሮጠች። ልጁ መንገድ ላይ ሞተ።

ወገኖቼ፣ ሰው የሚገድል ቢላ የያዘ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለለቅሶ እንኳ ደጇን አልረገጥኩም። ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ገብቼ ሴት ልጅ ወለድኩ። ደሜ ግን አልቆም አለ፤ ራሴን ሳትኩ። የሆነውን በኋላ ነው የነገሩኝ። ዶክተሩ ባለቤቴን "የምንችለውን እያደረግን ነው። የምትጸልዩ ከሆነ አሁን ጸልዩ" ብሎታል። ልጅቷ የዱቄት ወተቱን እየተፋች ታለቅሳለች። ዓለሚቱ ይህን ሰምታ መጣች። ጡቷ ገና አልደረቀም ነበር።

"ስጡኝ፣ እኔ ላጥባት" አለች።

አማቴ በሩን ይዘው ቆሙ። "ከማን ጡት? ሰው ምን ይለናል?"

ነርሷ "እማማ፣ ልጅቷ ወተት እንጂ ዘር አልጠየቀችም! ይልቀቁ በሩን" አለቻቸው።

በሁለተኛው ቀን ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ ያየሁት ልጄን በዓለሚቱ ጡት ላይ ነው። ዶክተሩ "እኛም አልጠበቅንም፤ ተርፈሻል" አለኝ። ጌታ ይክበር! አማቴ እልል አሉ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ያ ወተት የማን እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። "ጌታ ሆይ፣ አይገባኝም" አልኩ። ስንት ዓመት ስጸልይ ኖሬ፣ ከልቤ የጸለይኩት የመጀመሪያው ጸሎት ያ ነው። እዚያ አልጋ ላይ ከሚፈሰው ደሜም ዳንኩ፣ ከራሴ ጽድቅም ዳንኩ። ስሙ ይባረክ!

ወተት ስላልመጣልኝ፣ ዓለሚቱ ስድስት ወር ሙሉ ቤታችን እየገባች ልጄን አጠባችልኝ። አማቴም በሳህን አቀረቡላት። እኔ ግን ልጄ በጠባች ቁጥር የሞተው ልጅ ይታየኛል። ሃሌሉያ እላለሁ፣ እንባዬም ይወርዳል። በመጨረሻ ለባለቤቴ ነገርኩት፤ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን "ለእሷም ንገሪያት" አለኝ። አፌ እምቢ አለ።

ቅዱሳን፣ ከመካከላችሁ እንደ እኔ በመልካምነቱ የሚመካ ካለ ይተወው። ጌታን ብቻ እመኑት። ይገባቸዋል ብሎ አይደለም የሚሰጠው፤ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ የለሁም። ለዚህ አመሰግነዋለሁ፤ እያለቀስኩም አመሰግነዋለሁ።

ባለፈው ወር ዓለሚቱና ባሏ ኑሯቸውን ወደ ደካ አዛወሩ። ልጄን አዝዬ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ፣ በመስኮቱ በኩል "ያን ቀን ባለቤቴ ቤት ነበር። ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ከዚያ በመስኮቱ ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ።

"ያኔም አውቄ ነበር፣ እህቴ። ባልሽ ከውስጥ ሲያስል ሰምቼዋለሁ። በይ አቀብዪኝ፤ መኪናው እስኪሞላ ላጥባት።"